መርዶ ያልደረሳት ወራሽ

እታለሜ፣ እህቴም እናቴም፣

ከተለየሽን ዛሬ ሰባ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ነገ ሰማንያሽ ነው። ጠላው ደርሷል፤ ድንኳኑን የእድር ሰዎች ከሰዓት በኋላ ይተክሉልናል፤ ጎረቤቶች ከትናንት ጀምረው ሽንኩርት እየከተፉ ነው። እኔንም ለመርዳት ብገባ "አንች ሐዘንተኛ ነሽ፣ ውጭ" ብለው ከማድቤቱ አባረሩኝ። እጄን አጣጥፌ መቀመጥ እንደማልችል ታውቂያለሽ። የልጄን የሰላምን ደብተር አወጣሁና ከማንጎው ሥር ተቀምጬ ልጽፍልሽ ጀመርሁ። ፊደሌ እንደ ድሮው ነው፣ ትልልቅና ጠማማ። እስከ አሥረኛ ክፍል ያስተማርሽኝ አንች ነሽና ስህተት ብታገኝበት የጋራችን ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ማንጎው ዘንድሮ እንዲህ አፍርቶ አያውቅም፤ አንዱን ቅርንጫፍ በእንጨት ደግፈነዋል። ሐይቁ ሞልቶ ደንገሉን ግማሽ ድረስ ውጦታል። እምቦጩም ለቀቀ ሲሉ ይመለሳል፣ እንደ ክፉ እንግዳ። የፋብሪካ ጓደኞችሽ በየእሁዱ ይመጣሉ። አምስት ሴቶች ሲያወሩ መንገደኛው ጠብ ያለ መስሎት ቆሞ ያዳምጣል፤ ጡረታ ከወጣችሁ ስንት ዘመናችሁ፣ አሁንም የክር ማሽኑን ጩኸት በልጣችሁ ለመሰማት የምትታገሉ ነው የሚመስል። ድመትሽ ወደኔ ቤት ተዛውራለች። ባለቤቴ "ድመት ጠላሁ፣ ድመት ጠላሁ" እያለ ከአሳው ወፍራም ወፍራሙን ለሷ ይጥልላታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ዙሪያውን ስዞር ሊመሽብኝ ነው።

ኑዛዜሽን ያገኘነው በአርባሽ ማግስት ነው። የልብስ ሳጥንሽን ስንከፍት፣ ከነጩ ቀሚስሽ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የነፍስ አባታችን የመምሬ ተገኘ ጽሕፈት መሆኑን ገና ሳየው አወቅሁት፤ የሳቸው ፊደል ሁሉም ሰልፍ እንደወጣ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆም። የአራት ምስክሮች ፊርማ አለበት፣ ያንችም አለበት። ወንድማችን ይበልጣል መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው። "የመንገድ ዳሩ ትልቁ ቤት ለገብረ ማርያምና ለወለተ ኪዳን እኩል ይሁን። በጓሮ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ለወለተ ሰንበት ይሁኑ። ይህንንም ወለተ ኪዳን ታስፈጽም።" በቃ፣ ይኸው ነው።

ምነው እታለም! መምሬ መቼም ሁላችንን በክርስትና ስማችን እንጂ በሌላ አያውቁንም። ንስሐ ስንገባ በሱ፣ ጸበል ሲረጩን በሱ፣ ሲቆጡንም በሱ ነው። ኑዛዜ ሲጽፉ ትሁን የምትባል ሴት፣ ይበልጣል የሚባል ሰው በዚህ ዓለም መኖሩን ከየት ያስታውሱት? አንችስ ሲነበብልሽ "ፍርድ ቤቱ እኮ በዚህ ስም አያውቃቸውም" አትይም ነበር? አሁን ሳስበው ብቻዬን ያስቀኛል። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ። ገብረ ማርያም ይበልጣል ነው። ሦስተኛዋ ስም ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ተያየን።

መጀመሪያ የተናገረ ይበልጣል ነው። "ይችማ ያች በአራስነቷ የሞተችው ታናሻችን ናት። መምሬ አርጅተዋል፤ የሞተውን ካለው ቀላቅለውት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይወርስም፤ ጓሮው ለኛው ይመለሳል" አለ። የዚያችን ሕፃን የክርስትና ስም እሱም አያስታውስ፣ እኔም አላስታውስ። "ይሆናል" አልሁ። እታለሜ፣ ይህን ቃል ልብ በይልኝ፤ "ይሆናል" ነው ያልሁ። ልቤ ግን ገና ስሙን ስሰማ "ብርቄ" ብሎኝ ነበር።

ስለ ብርቄ ላንች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ልጻፈው፤ ለራሴም በደንብ ተናግሬው አላውቅም። ከደንቢያ የመጣች ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ለቤት ሥራ ነው ያመጧት። አባትና እናቷ ገና ሳታውቃቸው ሞተውባት፣ ክርስትና መነሣቷን የሚመሰክር ዘመድ እንኳ ጠፋ። አንች "ልጅቱ እንዲሁ አትቀርም" ብለሽ ራስሽ ክርስትና እናት ሆነሽ አስነሣሻት። እኔ ያን ቀን ፈተና አለብኝ ብዬ ከቤት ቀረሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ማተቧን እያሳየችኝ ምን ስም እንደወጣላት ነግራኝ ይሆናል፤ ጆሮ አልሰጠኋትም።

የጓሮውን ክፍሎች ስትሠሪም ከጎንሽ የነበረች እሷ ናት። ካንች ፈረቃ መልስ ሁለታችሁ ቀሚሳችሁን ሰብስባችሁ ጭቃ ትረግጡ ነበር። እሷ ጭዱን ትበትናለች፣ አንች ውኃውን ታፈሻለሽ። እኔ በመስኮት ሆኜ እግራችሁን እያየሁ እስቃለሁ። "ነይ ውረጅ!" ስትይኝ መጽሐፌን ከፍ አድርጌ አሳይሻለሁ። ያን መጽሐፍ ያን ቀን ገልጬው እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

የሠርጌ ቀን ደግሞ ፎቶ አንሺው "አሁን ቤተሰብ ብቻ" ሲል ብርቄ ካንች ጎን ቆማ ነበር። አዲስ ቀሚስ ገዝተሽላታል፤ ሹሩባዋን አንች ነሽ የሠራሻት። እኔ "ብርቄ፣ እስኪ እንግዶቹን እይልኝ" አልኋት። በሳቅ ነው ያልሁት። እሷም ፈገግ አለችና ወጣች። በወሩ አገሬ ልግባ ብላ ሄደች። አንች አንድ ቀን አልወቀስሽኝም። ያን ፎቶ ግን በቤትሽ ግድግዳ ላይ ሰቅለሽው አታውቂም፤ እኔም ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ሃያ ዓመት አለፈ። ለምን አልጠየቅሁም? መልሱን ስለማውቀው ነዋ።

ሌላም ልናዘዝልሽ። ጓሮውን በልቤ ለሰላም ሰጥቻት ነበር። ልጅቱ ልታገባ ነው፤ የቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ዘመን ሁለት ክፍል ያውም እናቷ ደጅ! አንች በታመምሽበት ሰሞን እንኳ፣ ይቅር በይኝ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት ቢሆን ያምራል እያልሁ በዓይኔ ለክቸዋለሁ። ስለዚህ የይበልጣል ወሬ ጣፈጠኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ "የሞተችው ታናሻችን ናት" እያልሁ ራሴን አሳመንሁ። ይበልጣልም ይህን ያለው ክፉ ሆኖ አይደለም። ለደም የሚሳሳ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ያንች ላብ ያረፈበት ግድግዳ ከቤት ወጥቶ የሚሄድ መስሎት ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤት ሄድሁ፤ ኑዛዜው ጸድቆ የውርሱ አጣሪ መሆኔ በወረቀት እንዲሰጠኝ። ከደጁ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ "በኑዛዜው እንዳለው ነው የሚጻፍ" ብሎ አመልካች ወለተ ኪዳን አደረገኝ። ችሎቱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አስተናባሪዋ "ወለተ ኪዳን!" ብላ ተጣራች። ዝም። ደግማ "ወለተ ኪዳን አለች?" አለች። እኔ ዞር ዞር እያልሁ "ምን ያለች ፈዛዛ ሴት ናት፣ ሰው ቀጠሮ ይዞ እንዲህ ይሆናል?" እላለሁ ላጠገቤ ሰው። ሦስተኛ ሲጠራ ሰውየው ወረቀቴን አየት አደረገና "እመቤት፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለኝ። ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ራሷ፣ ልጅ እግር ሴት ናት፣ አፏን በእጇ ሸፈነች። ብታዪኝ ኖሮ ሳምንት ትስቂብኝ ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄው መጣ። "ገብረ ማርያምን ነገርሽን። ወለተ ሰንበትስ ማናት?" አለችኝ። "የሞተች እህታችን ትሆን ይላል ወንድሜ" አልኋት። "ትሆን አይበቃም፤ አጣሪ የምትሆኝ አንች ነሽ፣ ከጻፉት ሰው አጣርተሽ ነይ" ብላ ቀጠሮ ሰጠችኝ። አስቢው፣ ልጄ የምታህል ልጅ ናት። አንች ትናገሪ የነበረውን እየተናገረች ነው የመሰለኝ።

መምሬ ተገኘ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መንኩሰው ዘጌ ገብተዋል። በማግስቱ በጀልባ ሄድሁ። ማዕበል ነበረ፤ አንድ ጎልማሳ ውኃው በረጨው ቁጥር "አቡነ ዘበሰማያት" እያለ ሲጀምር፣ ውኃው ሲተኛ ከመካከሉ ሲያቋርጠው፣ ፍርሃቴን ረስቼ ስስቅ ደረስን። ከወደቡ ጫካውን ይዤ ወጣሁ። መምሬ ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ ግን "ወለተ ኪዳን፣ ዘገየሽ" አሉኝ።

ጉዳዬን ስነግራቸው ይበልጣል ያለውንም ጨመርሁላቸው። አባ ተቆጡ። "ለሞተ ሰው ቤት የማወርስ ጅል አደረጋችሁኝ? ያችን ልጅ በዚህ እጄ ነው ያጠመቅኋት! እኅትሽ ሲጻፍ ሁለት ጊዜ ነው ያስነበበችኝ። 'ጓሮውን ስሠራ ድንጋይ ያቀበለችኝ እሷ ናት፤ ከኔ በኋላ ሰው ይረሳታል' ብላኛለች" አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና "ስሟን እኔ ጻፍሁት፤ ማን እንደሆነች ግን አንች ታውቂ ነበር፤ አይደለም?" አሉኝ። ለነፍስ አባት አይዋሽም። "አውቅ ነበር አባ" አልሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና "እንግዲያውስ ቀላሉ ሥራ አለቀ" ብለው ሸኙኝ።

ቀላሉ ያሉት እውነታቸውን ኖሯል። የከበደው ብርቄን ማግኘት ነው።

ስልክሽን ከሳጥን አውጥቼ ኃይል ሞላሁት። ያንን ትንሹን፣ ቁልፉ ከመነካቱ ብዛት ቁጥሩ የጠፋውን። ስከፍተው "ብርቄ ልጄ" የሚል ስም ገና ከላይ ነው ያለ። በየበዓሉ ስትደዋወሉ ኖራችኋል! ሃያ ዓመት! እኛ ደጅ ተቀምጠን ስለ ዶሮ ዋጋ ስንጨቃጨቅ አንች ከጓሮ ሆነሽ ለልጅሽ እንኳን አደረሰሽ ትያት ነበር። ቅር አላለኝም፤ እንዴት ይበለኝ? ባንች ስልክ መደወል ደግ አይደለም ብዬ እንኳ ሳላስብ ደወልሁ።

አንዴ ጠራና ተነሣ። "እታለም! ኧረ እታለም! የት ጠፋሽብኝ? ስደውል ስደውል ዝግ ነው፤ ኔትወርኩ ነው እያልሁ ራሴን ሳጽናና ከረምሁ" አለች። ድምፅዋ እንደዚያው እንደ ልጅነቷ ነው። "እኔ ነኝ፣ ትሁን" አልሁ። ወዲያው "እታለም ደህና ናት?" ብላ ጠየቀችኝ።

መርዶ አልደረሳትም። ማንም አልነገራትም። ለጎንደር ዘመድ፣ ለአዲስ አበባ ዘመድ፣ ለአገሩ ሁሉ ሰው ልከናል፤ ክርስትና ልጅሽን ግን ያስታወሳት የለም። ከኔ በኋላ ይረሷታል ያልሽው ገና አንች አፈር ሳትለብሽ ሆነ። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ደጋፊ ሳይኖረው። "ደህና ናት፤ ትንሽ ደክሟታል" አልሁና ዋሸሁ። "ላያት እመጣለሁ" ስትል "አይ፣ እኛ እንመጣለን" ብዬ፣ የምትኖረው ደንቢያ፣ ቆላ ድባ እህል ተራ መሆኑን ጠይቄ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ የጮኽሁት ጩኸት ለቀብርሽ አልጮኽሁትም።

ለይበልጣል ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት፤ መምሬ ያሉትን፣ ስልኩን። ከእንጨት መሥሪያው ቀና ሳይል "እህቴ፣ ደምሽን ትተሽ ባዕድ ልታወርሽ ነው? የኔን ፊርማ አትጠብቂ" አለኝ። ተጣላን። እኔም የማይባለውን አልሁት፤ ስስታም አልሁት፤ ለራሴ የለካሁትን መጋረጃ ሳልነግረው። ኋላ ተመልሼ ነገርሁት፤ መሳቅ አማረውና ዋጠው። ያም ሆኖ "አልፈርምም" አለ።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቄ በማለዳ መናኸሪያ ወረድሁ። ብቻዬን መርዶ ማርዳት ነውር ቢሆንም ምን አማራጭ አለኝ? ወንበሬን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ መጥቶ ከጎኔ ዘፍ አለ። ይበልጣል ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ "ውርሱን እንጣላበታለን፤ መርዶ ግን ብቻሽን አትሄጅም" አለኝ። እኔም "እሺ፣ ከሆነ ደግሞ ቂጣ ይዣለሁ፣ ብላ" አልሁት። በላ።

ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኝትን አልፈን ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ተገነጠልን። እንዲያው ስታዪው እኮ ሐይቁን ነው የዞርነው፤ እሷ ወዲያ ማዶ፣ እኛ ወዲህ ማዶ፣ አንድ ውኃ ስንጠጣ ኖረናል። ቆላ ድባ ስንደርስ ቀጥታ ወደሷ አልሄድንም። እህል ተራ ጠይቀን የጎረቤቷን ሴት አገኘንና ነገርናት። የዋህ ሴት ናት፤ አሳደረችን፣ ሰዎች ጠራች፤ ጎህ ሲቀድ ስምንት ያህል ሆነን በርዋን አንኳኳን።

ከፈተችና አየችን። እኔን፣ ይበልጣልን፣ ጎረቤቶቿን በነጠላ። መናገር አላስፈለገንም። "እናቴን!" ብላ ወደቀች። እታለሜ፣ እንዳለቀሰችልሽ ማንም አላለቀሰልሽም፤ እኔን ጨምሮ። የሠራሽውን ሁሉ እያነሣች፣ ጭቃውን፣ ሹሩባውን፣ ከፋብሪካ ጸጉርሽ ላይ ጥጥ ተሸክመሽ ስትገቢ እሷ እንዴት እንደምትለቅምልሽ። ያን እኔ አላውቀውም ነበር። ከንፈሯን ስትነክስ ያየኋት ያንችን አነካከስ ነው፤ ለካ ሰው ያሳደገውን ይመስላል። ይበልጣል ጎኗ ተቀምጦ ክንዷን ይዞ ሲያለቅስ ጋቢው ራሰ።

ሰዉ ቀለል ሲል ስለ ኑዛዜውና ስለ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነገርኋት። አዳመጠችኝ። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና "ፎቶው ውስጥ ያልነበርሁ፣ ወረቀቱ ውስጥ ምን እሠራለሁ፣ ትሁንዬ? ከናንተ ጋር ልጣላ አልፈልግም፤ ለናንተው ይሁን" አለችኝ። በቁጣ አይደለም ያለችው፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔም ሃያ ዓመት የያዝሁትን እዚያው ለቀቅሁት። "ያን ቀን ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ። በሳቅ አስመሰልሁት እንጂ አውቄ ነው። ይቅር በይኝ" አልኋት። "ያን ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ፤ የቤቱን ነገር ግን ተይልኝ" አለች። "ለአርባዋ አልደረስሁም፤ ለሰማንያዋ እመጣለሁ፤ ሌላ አትጠይቂኝ።" ደግሜ አልጠየቅኋትም። የኑዛዜ አስፈጻሚ ስባል የመጀመሪያው ሥራዬ ለወራሽ "ውረሽ" ብሎ መለመን ይሆናል ብዬ አላሰብሁም።

ስንመለስ ማክሰኝት ላይ ይበልጣል ወደ መስኮቱ እንደዞረ "ለእናታችን እንኳ እንዲህ አልጮህንም" አለ። ወረታ ላይ ደግሞ "ዳኛዋ ከጠየቀችኝ የማውቀውን እናገራለሁ" አለ። እኔ እጁን ያዝሁት። እጁን እንዲይዙት እንደማይወድ ታውቂያለሽ፤ አልነጠቀኝም። ባሕር ዳር ልንገባ ስንል "ያ የጓሮው በር ማጠፊያው ተሰብሯል። እንደዚያ ሆኖ አይረከብም፤ ያሳፍራል" አለኝ። በማግስቱ መጥቶ ቀየረው፤ ደፉንም ላገው፤ ሲሠራ ዋለ። ሰላምንም ጠርቼ እውነቱን ነገርኋት። "እማዬ፣ እኔ እኮ ከናቴ ደጅ ልኖር አልፈልግም፣ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው ዝም ያልሁ" ብላ አረፈችው! ልጆች እንዲህ ናቸው። ለመጋረጃው ያቀድሁት ሁሉ ከንቱ ቀረ።

እነሆ አሁን ሰባት ሰዓት አልፏል። የቆላ ድባ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አላውቅም። ትመጣ ይሆን እያልሁ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ይበልጣልም አንዴ ገብቶ አንዴ ወጥቶ፣ "ምንም የለም፣ ድንኳኑን ልይ ብዬ ነው" ይለኛል። ድንኳኑ ገና አልመጣም እኮ።

እስኪ ቆይኝ፤ ባጃጅ ቆመ።

ተመለስሁ እታለሜ። አሥር ሰዓት ሆኗል። እየቸኮልሁ ነው የምጽፍ፤ ፊደሌ ከመጀመሪያውም ቢከፋ አትፍረጅብኝ።

መጣች። ከባጃጁ ላይ በማዳበሪያ ጤፍ ይዛ፣ "ለሰማንያዋ" ብላ። ይበልጣል ሮጦ ከጫንቃው ላይ አደረገው። ገብታ አልጋሽ የነበረበት ቦታ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ እኛም አብረናት አለቀስን፤ ጎረቤትም ሰማ። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ነጠላዋን በወገቧ አሰረችና ቀጥ ብላ ወደ ማድቤቱ። በር ላይ ቆምሁባት። "አንች ሐዘንተኛ ነሽ፣ ውጭ" አልኋት። እኔን ያባረሩኝ ሴቶችም ከውስጥ ሆነው "ውጭ፣ ውጭ!" አሏት። መሀላችን፣ ከኔና ከይበልጣል መካከል ተቀመጠች። ሰው ሲገባ ለሦስታችንም እኩል "እግዜር ያጽናችሁ" አለን። አንዲት የሩቅ ዘመዳችን በጆሮዬ "ይችስ ማናት?" ስትለኝ ጮክ ብዬ "የእታለም ልጅ ናት" አልኋት። ብርቄ ሰማችኝ፤ ቀና አላለችም።

ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተነፈስሁም፤ አትጠይቂኝ ብላኝ የለ? ሰዉ ገለል ሲል እሷ ራሷ ቦርሳዋን ከፈተች። መታወቂያዋን አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። "ፍርድ ቤቱ ማክሰኞ ነው ያልሽኝ?" አለች። "ማክሰኞ ሦስት ሰዓት" አልሁ። "እሷ ጽፋው እኔ አልቀበልም ብል፣ እሷን መመለስ እንዳይሆንብኝ ብዬ ሳስብ ሰነበትሁ" አለችኝ። ይበልጣል ሳል ያዘው፤ ማጠፊያውን ላሳይሽ ብሎ ወደ ጓሮ ወሰዳት። አሁን ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ጣራው ላይ የትኛው ቆርቆሮ እንደሚያፈስ እየተከራከሩ ነው። እሷ ናት የምትረታው መሰለኝ።

እታለሜ፣ ከማክሰኞ በኋላ ገና ብዙ ሥራ ይቀረኛል። ካርታ፣ ልኬት፣ የቀበሌ ምልልስ፣ ገና የማላውቀው ስንት ወረቀት። አልፈራውም። ሙት ዓመትሽን አብረን እናወጣለን፤ ዝክርሽ አይቋረጥም፤ ስምሽ ሲነሣም ስላንች ያልነገሩኝን ሁሉ ከብርቄ እየጠየቅሁ እሰማለሁ፤ ግማሽሽን ገና አሁን ማወቄ ነው። እስከምንገናኝ አልረሳሽም፤ ለኔ የሰጠሽኝን ብቻ ሳይሆን ለሌላው የሰጠሽውንም አልረሳም።

ማክሰኞ አስተናባሪዋ ወለተ ኪዳን ብላ ስትጠራ በመጀመሪያው ጥሪ እነሣለሁ። ዳኛዋም ወለተ ሰንበት ማናት ብላ ስትጠይቀኝ "ይችውና፣ አብራኝ መጥታለች" እላታለሁ።

ታናሽሽ ትሁን